ካሴቱን ከኩሽና አውጡት

እናንተ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለ ድሮ ዘፈን ማልቀስ አብዝታችኋል። ሠርግ ላይ ታለቅሳላችሁ፣ ቡና ላይ ታለቅሳላችሁ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚሄድ መኪና ውስጥ ሹፌሩ አንድ አሮጌ ዘፈን ከከፈተ፣ ጣርማበርን ወርዳችሁ ደብረ ሲና ቆሎ እስክትገዙ ድረስ «አይ፣ ድሮ ቀረ!» እያላችሁ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። እሺ፣ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያ የምታለቅሱለት ካሴት አሁን የት ነው?

መልሱን አውቀዋለሁ። ኩሽና ቆጥ ላይ ነው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ፣ የኩበት ጭስ እየጠጣ። ወይም ጓዳ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ነው፣ ከተሰበረ ጃንጥላና ነጠላ ካልሲ ጋር። ሽፋኑ አንድ ዘፋኝ ያሳያል፣ ውስጡ ሌላ ነው። ይፋት ቆላ ከሆናችሁ ደግሞ ክሩ ተመዝዞ ማሽላ ላይ ተወጥሯል። ነፋስ ሲመታው እያፏጨ ወፍ ያባርራል። የአንድ ሰው ድምፅ ነበረበት እኮ! ከዚያ ማታ ተሰብስባችሁ ያንኑ ድምፅ ትናፍቃላችሁ።

ናፍቆታችሁም ቢሆን ግማሽ ነው። ሁለት ስንኝ ታውቃላችሁ። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ «ላላላ» ይጀመራል። የማን ዘፈን ነው ሲባል ክርክር ይነሣል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው «የጥላሁን ነው» ይልና ይዘጋል። እናንተ ዘንድ ባለቤቱ ያልታወቀ የወንድ ዘፈን ሁሉ የጥላሁን ነው። የሴት ከሆነ የብዙነሽ ነው። ሂሩት በቀለ ስንት ዘፈን ተነጥቃ ለብዙነሽ ተሰጥቶባት ይሆን? ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውን ማን ሠራው? ማን አቀናበረው? ያን የምታፏጩትን ሳክስፎን ማን ነፋው? ጸጥ ትላላችሁ። ምነው፣ ቅድም እንባ አልነበረም እንዴ?

የፈረንጁ ዘፈን ላይማ ጭራሽ አይነሣ። ጂም ሪቭስን፣ ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንን ስትወዱ ኖራችኋል፤ ፍቅሩ እውነት ነው፤ ቃሉን ግን እግዜር ይወቀው። የቦኒ ኤም ባንድ ዘፈን ሲከፈት ወለል የሰበረ ጎልማሳ ሁሉ መድረክ ላይ የሚዘለውን ቦቢ ፋረልን ያስታውሳል። ሸክላው ላይ የምትሰሙት የወንድ ድምፅ ግን የቦቢ አይደለም፤ የአዘጋጁ የፍራንክ ፋሪያን ነው። ስቱዲዮ ገብቶ የዘፈነው እሱ፣ የጨፈረው ቦቢ። እነሱ ይህን ደርሰውበት ጽፈውታል። እኛ የራሳችንን ገና አልጠየቅንም።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የአገራችሁ ልጅ ታሪክ ስለሆነ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

ኃይሉ መርጊያ የተወለዱት ደብረ ብርሃን ነው፣ በፈረንጆች 1946። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አኮርዲዮን ያዙ፣ ከዚያ ኦርጋንና ኪቦርድ። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ሰው ሆኑ። ዋልያስ ማለት ሒልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው። በሰዓት እላፊው ዘመን ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ሙዚቀኛውም አብሮ እስኪነጋ ይጫወታል። በ1981 እንደ ፈረንጆች ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደ። ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ከቀሩት ናቸው።

በ1985 እዚያው ዋሽንግተን አንድ ካሴት ቀዱ። ባንድ የለም፣ ለብቻቸው ናቸው። በአንድ በኩል አኮርዲዮን፣ በሌላ በኩል ኪቦርድ፣ ከበሮውን የሚመታ ማሽን። የቆየ ዜማ ነው፣ ድምፁ ግን ከዚያ በፊት ማንም ያልሰማው። ካሴቱ አገር ቤት ገባ፣ ተሸጠ፣ ተቀዳ፣ ተረሳ። እሳቸውም ታክሲ መንዳት ጀመሩ። አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ተሳፋሪ ሲመጣ ያስገቡታል። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር መጣ። ሱቅ ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ገዛው፣ ሰማው፣ ሰውየውን አፈላልጎ ስልክ ደወለላቸው። በ2013 እንደ ፈረንጆች እንደገና ታተመ። ጋሽ ኃይሉ ከታክሲ ወንበር ተነሥተው አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ ወጡ። በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ማለት ነው።

ደስ ይላል አይደል? እኔን ግን ደስታው ግማሽ ላይ ቆመብኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ካሴት ባሕር ዳር ተገኘ። ያገኘው ፈረንጅ ነው። ከናንተ ስንቶቻችሁ ቤት ያ ካሴት ነበር? ስንቶቻችሁ ስብከት ቀዳችሁበት? ዛሬ ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ ቆሜ «ኃይሉ መርጊያ ማን ነው?» ብል ስንት ሰው ይመልስልኛል? አንድ ወጣት «ኳስ ተጫዋች ነው?» ቢለኝ አልደነቅም።

ከብራያን በፊትም እንዲሁ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ አላስተኛ አለው። አዲስ አበባ መጥቶ የሸክላ አሳታሚዎቹን በር አንኳኳ፣ ኢትዮፒክስ የሚባሉትን ሲዲዎች ተራ በተራ አወጣ። እኛስ? «የኛን ፈረንጅ ሸጠው» ብለን አማረርን። ማማረሩ መብታችን ነው። የሸጠው ዕቃ ግን ከኛ ኩሽና ተርፎ የወጣ ነው።

እንግዲህ የምቆጣበትን ነገር በደንብ ስሙት። ስለ ጥላሁን አትጨነቁ። ስለ ማሕሙድም፣ ስለ አለማየሁ እሸቴም አትጨነቁ። የነሱ ሥራ ስንት ቦታ ተቀምጧል። ዓለም ቢገለበጥ አንድ ቅጂ ይተርፋል። የሚጠፋው ሌላው ነው። የሚጠፋው ቤታችሁ ያለው ነው።

በደርግ ጊዜ እያንዳንዱ አውራጃ የኪነት ቡድን ነበረው። ተጉለትና ቡልጋ ነበረው፣ መንዝና ግሼ ነበረው፣ ይፋትና ጥሙጋ ነበረው፣ መርሐቤቴ ነበረው። አዎ፣ ግማሹ ዘፈን መፈክር ነው። «እናሸንፋለን» ሳይባል ክራር አይመታም ነበር። ግን በመፈክሩ መሀል የመንዝ ዜማ አለ። የመርሐቤቴ ጭብጨባ አለ። ዛሬ አያት የሆነች ሴት የአሥራ ስምንት ዓመት ድምፅ አለ። እነዚያ ልጆች ሸክላ አላሳተሙም። ሙዚቃ ቤት አልሸጣቸውም። አንድ ሰው ቴፕ ይዞ አዳራሽ ገብቶ ከቀዳቸው ቀዳቸው፣ ካልቀዳቸው የሉም።

የሠርግ ካሴትም እንዲሁ ነው። ቪዲዮ ሳይመጣ በፊት ሠርግ በካሴት ይቀዳ ነበር። ቴፑ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል፣ ውሻ ሲጮኽ ይሰማል፣ ከመሀል አንዲት አውራጅ ሴት ትነሣና ሌላው ሁሉ ይጠፋል። ያቺ ሴት የወረደችው ግጥም መጽሐፍ ላይ የለም። የሙሽራውን አባት ስም እየጠራች፣ ያን ዓመት የሆነውን እየጨመረች፣ እዚያው የፈጠረችው ነው። ሐረር ወይ አሥመራ ያለ ወታደር ልጅ ለእናቱ በካሴት ሰላምታ ይልክ ነበር። ሰላምታው ሲያልቅ ቀሪውን ክር እንዳይባክን ዘፈን ይሞላበታል። አንዳንዱ ራሱ ይዘፍንበታል። ይህን የትኛው ፈረንጅ መጥቶ ያወጣላችኋል?

ጥፋቱን ደግሞ በእጃችሁ ነው የሠራችሁት። ካሴት ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ ቴፑ አልቀዳም ይላል። ኦርጅናል ካሴት ጥርስ የሌለው ለዚህ ነው፣ ማንም እንዳያበላሸው። እናንተ ምን አደረጋችሁ? ወረቀት አጣጥፋችሁ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቃችሁ። ከዚያ አዲስ የወጣውን ከላይ ቀዳችሁበት። በአክስታችሁ ሠርግ ካሴት ላይም ቀዳችሁበት። ካሴት ውድ ነበር፣ ይገባኛል። የቴፕ ባትሪ ድንጋይ አልቆ ፀሐይ ላይ እያሰጣን የምንጠቀምበት ዘመን ነበር። ግን ውድ የነበረው ባዶ ካሴት ብቻ ነው እንዴ?

አሁን የቀረውን አድኑ። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ስንፍናችሁ ነው የሚከብደው።

መጀመሪያ ከኩሽና አውጡት። የካሴት ክር ማለት ስስ ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ዱቄት ነው። ሙጫው እርጥበትና ሙቀት አይወድም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሙቀቱ አያሳስባችሁም፤ እናንተን የሚያጠቃችሁ ክረምቱና ጭሱ ነው። ሻጋታ ነጭ ሆኖ ክሩ ዳር ላይ ይታያል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን ተጠንቀቁ፤ መኪና ውስጥ መስኮት ሥር የተወ ካሴት ይጣመማል። ደረቅ ቦታ፣ እንደ መጽሐፍ ቁሙን አስቀምጡት። ከትልቅ ድምፅ ማጉያ አርቁት፣ ማግኔት አለበትና።

ሁለተኛ፣ አግኝታችሁት ደስ ስላላችሁ ብቻ ወዲያው ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። ሃያ ዓመት ሳይነካ የቆየ ክር ይጣበቃል፣ ቴፑም ይበላዋል። ቢክ እስክሪብቶ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩት። ይህን ማንም ማስተማር የለበትም፣ ሁላችሁም ትችሉበታላችሁ። በተለይ የዘጠና ደቂቃ ካሴት ከሆነ እጃችሁን አለስልሱ፤ ክሩ ከስልሳ ደቂቃው ይቀጥናል። የቴፑን ራስና ጎማውን በጥጥና በንጹሕ አልኮል ጥረጉ። አረቄ አይሆንም። ይህን የምለው ስለማውቃችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በአንድ ገመድ ወደ ኮምፒውተር። ድምፅ የሚቀዳ ነፃ ፕሮግራም ሞልቷል፣ ኦዳሲቲ አንዱ ነው። የሠፈሩ ጎረምሳ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይችለዋል። ስትቀዱ ሳትጨምቁ ዋቭ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡት። የአንድ ሰዓት ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ዛሬ ለፍላሽ ምንም አይደለም። ለስልክ ከፈለጋችሁ ኤምፒ3 ከሱ አውጡ፣ ዋናውን ግን አትንኩት። በስልክ ማይክ ከቴፑ ፊት ለፊት ይዛችሁ እየቀዳችሁ «አዳንኩት» አትበሉኝ። የዶሮ ድምፅ ነው ያዳናችሁት።

ቅጂውን አንድ ቤት ብቻ አታስቀምጡ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የሮጠው። ስለ ካሴት ማን ያስባል? ማንም ማሰብ የለበትም ነበር። ለዚህ ነው አንዱ ቅጂ እናንተ ዘንድ፣ አንዱ አዲስ አበባ እህታችሁ ዘንድ፣ አንዱ ውጭ ያለው ወንድማችሁ ዘንድ መሆን ያለበት።

ሌላ የምገሥጻችሁ ነገር አለ። የድሮውን ዘፈን ልጆች መምቻ ዱላ አታድርጉት። «የዛሬ ዘፈን ዘፈን ነው? በኛ ጊዜ ቀረ» ትላላችሁ፣ ልጁም ጆሮውን ይደፍናል፣ የናንተንም ሳይሰማ ይቀራል። በናንተ ጊዜ ምን ተባላችሁ? ፀጉራችሁን አጎፍራችሁ፣ ቤል ቦተም ለብሳችሁ፣ «ፈረንጅ ሆኑብን» አልተባላችሁም? አለማየሁ እሸቴ እንደ ኤልቪስ እየተወዛወዘ ሲዘፍን ሽማግሌ ሁሉ ያጨበጨበለት ይመስላችኋል? አምሃ እሸቴ በ1969 እንደ ፈረንጆች የአለማየሁን ሸክላ ሲያሳትም የማሳተም መብቱ የመንግሥት ነው እየተባለ ነው። ወጣት ነበር፣ ደፈረ።

ከዚያም ወደኋላ ብትሄዱ ያው ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ምንጃር ተወልደው፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀዱ። ከኢትዮጵያውያን በመጀመሪያ ድምፃቸው በሸክላ ከታተመ ሰዎች ዋነኛው ናቸው። ጀርመን የሄዱት ደግሞ ስለ መኪና ሊማሩ ነው። ምንጃር ውስጥ ማን መኪና አይቶ ያውቃል በዚያን ጊዜ? ዛሬ «ጥንታዊ» የምትሏቸው ሰዎች በዘመናቸው ከሁሉ አዲሱን ነገር የነኩ ናቸው። ጋሽ ኃይሉም በ1985 የከበሮ ማሽን ሲጠቀሙ ያው ነው። ልጃችሁ በኮምፒውተር ዘፈን ሲሠራ የምትቆጡት ለምንድን ነው?

ዘመኑንም ወርቅ አታልብሱት። ዘፈኑ ወርቅ ነበር፣ ዘመኑ ግን ሰዓት እላፊ ነበር። ሰው ቤቱ አልገባም ሲባል እናት የምትቆምበት በር ነበር። አምሃ እሸቴ በ1975 እንደ ፈረንጆች አገር ጥሎ ወጣ። ስንቱ ሙዚቀኛ ወጥቶ ቀረ። ብዙ ዘፈን ያቀናበረው ግርማ በየነ አሜሪካ ቀርቶ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። «ያ ደጉ ዘመን» ስትሉ እነዚህን ሰዎች አስወጥታችሁ ነው የምትናፍቁት።

ስለ መብትም አንድ ነገር። የቀዳችሁትን ለቤታችሁ ማቆየት አንድ ነገር ነው። ዩቲዩብ ላይ ስማችሁን ለጥፋችሁ ሳንቲም መልቀም ሌላ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብት ሰጥቶታል፤ ዘፋኙና አሳታሚውም ለ50 ዓመት ጥበቃ አላቸው። ባለቤቱ ወይም ልጆቹ ካሉ ጠይቁ። ካላወቃችኋቸው ቢያንስ የራሳችሁን ስም አትጻፉበት። «ምንጭ፦ ካልታወቀ ካሴት» ብሎ የራሱን ሎጎ መሀል ላይ የሚለጥፍ ሰው አለ። እሱን ብቻውን አንድ ቀን እቆጣዋለሁ።

ስም ጻፉ። ካሴቱ ወረቀት ላይ በእርሳስ፦ ማን ዘፈነ፣ ማን መሰንቆ መታ፣ የት ተቀዳ፣ በየትኛው ዓመት፣ ማን ቀዳው። ፋይሉንም በዚያው ስም ጥሩት። ፍላሽ ውስጥ «አዲስ 1»፣ «አዲስ 2» እያላችሁ የሞላችሁት ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ ለልጆቻችሁ ያው ቆጥ ላይ ያለ ከረጢት ነው። የማታውቁት ከሆነ እናቶችን ጠይቁ። መንዝ ውስጥ አንድ ዜማ ሰምታ «ይቺ የእገሌ ልጅ ናት፣ የማኅበር ቀን የዘፈነችው» የምትል እማማ አትጠፋም። ያቺን እማማ ግን ዘንድሮ ጠይቋት።

ጥር እየመጣ ነው። ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ ይመጣል፣ ዲጄ ይቀጠራል። ዲጄው ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ጠላው ሳይሞቅ፣ አንዷን የድሮ አውራጅ ጥግ አስቀምጡና ስልካችሁን ጠጋ አድርጉላት። መጀመሪያ ስሟንና አገሯን ትናገር። ዘፈኑን ከማን እንደተማረችው ትናገር። ከዚያ ሁለት ስንኝ ብላ ስታቆም «በቃ» አትበሏት፣ እስከ መጨረሻው ትበለው። የተቀበሏት ሴቶች ካሉ አብረው ይቀበሉ። ዲጄውን ደግሞ ቆይ በሉት፣ ሞንታርቦውንም ትንሽ ቀንስ በሉት፣ የሠፈሩን ጆሮ ጨርሶታል።